ስካር የሚከለክለው ድንጋይ

ባለፈው ቅዳሜ የልጄ ልጅ ሜሮን ከቡሬ መጣች። እዚያ ካምፓስ ነው የምትማረው። ቅዳሜ ቅዳሜ በሚኒባስ ፍኖተ ሰላም ድረስ ትመጣና ልብሷን ታጥባለች፣ ሽሮዬን ትበላለች፣ ከዚያ ስልኳን ይዛ በረንዳው ላይ ትጋደማለች። ያን ዕለት ድንገት ብድግ ብላ "እማማ፣ ይቺን ይዩዋት እስቲ" አለችና ስልኩን አፍንጫዬ ሥር አመጣችው። መነጽሬን እስካደርግ እንኳ አላስቻላትም።

የጥንት ሮማውያን ቀለበት ነው። ወርቁ ተጣሟል፣ ጠርዙም ተበልቷል። መሐሉ ላይ ያለው ድንጋይ ግን ትናንት የተቀመጠ ይመስላል፤ ወይን ጠጅ ሆኖ ከሥሩ ቀላ የሚል ዓይነት። ድንጋዩ ላይ ከስንዴ ቅንጣት የማትበልጥ ፊት ተቀርጻለች፤ ጸጉሩ ውስጥ የወይን ቅጠል የሰካ ጎልማሳ። የመጠጥ አምላካቸው ነው አለችኝ። ከዚያም ከሥዕሉ ሥር ያለውን አነበበችልኝ። ሮማውያን ይህን ድንጋይ ጣቱ ላይ ያደረገ ሰው የፈለገውን ያህል ቢጠጣ አይሰክርም ብለው ያምኑ ነበር። "እንዴት ሞኞች ነበሩ ግን" ብላ ሳቀችና ወደ ሌላ ሥዕል አለፈች።

እኔ አላለፍኩም። እነሱ ሞኞች ከነበሩ እኔም አንዷ ነበርኩ። ቀኑን ሙሉ እጄ ሥራ አልይዝ አለኝ፤ ምስሩን ለቅሜ ስጨርስ እንደገና መልቀም ጀመርኩ።

አባቴ መሪጌታ ላቀው የቅኔ መምህር ነበሩ። ቤታችን ከላህ ወንዝ ወዲህ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጎን ነበር። ከአጥሩ ሥር ባለው ዋርካ ጥላ ሠላሳ የሚያህሉ ተማሪዎች ተቀምጠው ይቀኙላቸው ነበር። እናቴ በልጅነቴ ስላረፈች ቤቱን የያዝኩት እኔ ነኝ። አባቴ ደግ ሰው ነበሩ፤ ተማሪ ሲሳሳት እንኳ ከመቆጣት ይልቅ ያፍሩለት ነበር። አንድ ነገር ብቻ አሸነፋቸው፣ አረቄ።

በእኛ አገር መሪጌታ ያልተጠራበት ድግስ የለም። ክርስትናውም ተዝካሩም ማኅበሩም ላይ የዳጉሳ አረቄ ይወጣል፤ የቀረበን መለኪያ መመለስ ደግሞ ባለቤቱን መናቅ ነው። አባቴ ሰው መናቅ አያውቁም። መጀመሪያ ለሰው ብለው ጠጡ፣ በኋላ ለራሳቸው። ያዳቆነ ሰይጣን ሳያቀስስ አይቀርም ይባል የለ፣ እንደዚያ ሆነ። በመጨረሻ በጥቅምት አንድ የንግሥ በዓል ላይ ማኅሌት ቆመው ሳለ ጸናጽሉ ከእጃቸው ወደቀ። ሊያነሱት ጎንበስ እንዳሉ ስካሩ ጥሏቸው መነሳት አቃታቸው። ሁለት ተማሪዎች ደግፈው ሲያወጧቸው ሴቶቹ እኔን ላለማየት ነጠላቸውን ያስተካክሉ ነበር።

በሳምንቱ ቄሰ ገበዙ ቤታችን መጡ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ እያዘኑ ነው የተናገሩት። አባቴ አንድ ጊዜ ደግመው ሰክረው ከታዩ ወንበሩ ለሌላ መምህር እንዲሰጥ ሰበካው ወስኗል። ወንበሩ ሲሄድ ተማሪዎቹም ይሄዳሉ፤ ያለ ተማሪ ደግሞ አባቴ ምን እንደሚሆኑ ላስበው አልቻልኩም። እሳቸው አንገታቸውን ደፍተው ሰሙና "መልካም" ብቻ አሉ።

በዚያን ጊዜ አሥራ ስምንት ዓመቴ ነበር፤ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። የታሪክ አስተማሪያችን መጽሐፉ ውስጥ ካለው ይልቅ መጽሐፉ ውስጥ የሌለውን መናገር የሚወድ ቀጭን ሰው ነበር። በኅዳር አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ከመስኮቱ ውጭ የጤፍ እርሻው ቢጫ ሆኖ በነፋስ ሲተኛና ሲነሳ እያየን፣ ስለ ሮማውያን ጌጥ ነገረን። ቀዩን ድንጋይ ለማኅተም ቀለበት ይመርጡት ነበር፤ ሰም አይጣበቅበትም። አረንጓዴውን ዕንቁ ድንጋይ የሚቀርጹት ሰዎች ዓይናቸው ሲደክም እያዩ ያርፉበት ነበር። ወይን ጠጁ ደግሞ ከስካር ይከላከላል። የራሳቸው ሊቅ ግን ይኸ የአስማተኞች ወሬ ነው ብሎ ጽፏል ሲልም ሰምቻለሁ። ሰምቼ እንዳልሰማሁ ሆንኩ። የቸገረው እርጉዝ ያገባል።

ራት ላይ ስለ ድንጋዩ አባቴን ጠየቅኳቸው። ከወር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊታቸው በራ። ከአሮን ደረት ጌጥ ጀምረው እስከ አዲሲቱ ኢየሩሳሌም መሠረት ድረስ ዕንቁዎቹን አንድ በአንድ ቆጠሩልኝ። የመጨረሻው፣ ዐሥራ ሁለተኛው፣ አሜቴስጢኖስ ነው፤ የኔ ድንጋይ እሱ ነበር። "ብርሌም እኮ በመጽሐፍ የዕንቁ ስም ነው፤ እኛ ጠጅ ጠጣንበት እንጂ" ብለው ፈገግ አሉና ወዲያው ፈገግታው ጠፋ።

በታኅሣሥ ለበርበሬ ገበያ ቡሬ ወረድኩ። መንገዱ ዳርና ዳር በርበሬ ተሰጥቶ ምድሩ ቀይ ሆኖ ነበር፤ በመኪናው መስኮት የሚገባው ሽታ ዓይን ያስለቅሳል። ቡሬ ላይ አያ ደምሌ የሚባሉ አንጥረኛ ነበሩ። ከቆርቆሮ ሣጥናቸው ውስጥ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ወይን ጠጅ ድንጋይ አወጡልኝ። ከየት እንደመጣች ስጠይቃቸው አንዴ ከምፅዋ አሉኝ፣ አንዴ ከሱዳን። ብርጭቆ ትሁን ዕንቁ ዛሬም አላውቅም። እናቴ የተወችልኝን የብር ጉትቻ ከጆሮዬ አውልቄ ሰጠኋቸው፤ አቅልጠው ቀለበት ሠሩበት።

አባቴ ቀለበቷን ሲቀበሉ ጆሮዬን አዩ፣ ከዚያ ጣታቸው ላይ አጠለቋት። ጠዋት ጠዋት ዋርካው ሥር ሲያስተምሩ ፀሐይ ድንጋዩ ውስጥ ትገባና ብራናው ላይ ትንሽ ወይን ጠጅ ብርሃን ትጥላለች። አባቴ እጃቸውን ባንቀሳቀሱ ቁጥር ብርሃኗ ከፊደል ወደ ፊደል ትሄዳለች። እኔ ደጃፍ ላይ ቆሜ እሷን እያየሁ ትምህርት ቤት አረፍድ ነበር። ሁሉ ነገር ያለፈልን ይመስለኝ ነበር።

በሁለተኛው ሳምንት ደምበጫ ለተዝካር ሄዱና ሰክረው ተመለሱ። ደግነቱ ከአውቶቡሱ ሲወርዱ ያየኋቸው እኔ ብቻ ነበርኩ። ቀለበቷ ጣታቸው ላይ ነበረች። አልጋቸው ላይ ጫማቸውን ሳወልቅላቸው "ልጄ፣ የጉትቻሽን አደራ በላሁ" ብለው አለቀሱ። እኔም አብሬያቸው አለቀስኩ።

ከዚያ የጥር ሚካኤል ማኅበር ተራው የእኛ ሆነ። ጥር ዐሥራ ሁለት ቃና ዘገሊላም ነው፤ እኔ ግን ይህን አስቤ አልነበረም። ያሰብኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቄሰ ገበዙ ይመጣሉ፣ አባቴም በሰው ፊት መለኪያ መመለስ አይችሉም። ጠዋት ሁለት አንድ ዓይነት ጠርሙስ አጠብኩ። አንዱን አረቄ ሞላሁት፣ አንዱን የምንጭ ውሃ። እንዳልሳሳት የውሃውን አንገት በነጭ ክር አሰርኩ።

ዳቦው ተቆርሶ ጸሎቱ ካለቀ በኋላ በየተራ ቀዳሁ። አባቴ ጋ ስደርስ ክር ካለው ቀዳሁላቸው። መለኪያውን ወደ አፋቸው ወሰዱ፣ ቀመሱ፣ ቆሙ። ቀና ብለው አዩኝ። ዓይናቸው ውስጥ ቁጣ ስጠብቅ ያየሁት ሌላ ነበር፤ የተደበቀ ሰው ሲገኝ እንደሚያየው ዓይነት አተያይ። ከዚያ ጭልጥ አደረጉት፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ ፊታቸውን አጨማደዱ።

"ጠንከር ያለ ነው" አሉ ለጎረቤታቸው። ወደ እኔም ዞረው "እግዚአብሔር ይስጥልኝ ልጄ" አሉኝ።

ሰባት መለኪያ ውሃ ጠጡ፤ ቀጥ ብለው ቆመው እንግዶቻቸውን ሸኙ። ያን ቀንም፣ ከዚያም በኋላ፣ ስለ ነገሩ አንዲት ቃል አልተለዋወጥንም።

ከዚያ በኋላ አባቴ የሚጠሩበት ድግስ ሁሉ እኔም ክር ያለውን ጠርሙስ ከቤት ሞልቼ እየያዝኩ አሳላፊ ሆኜ ቀረብኩ። "የመሪጌታ ልጅ እንዴት ያለች አገልጋይ ናት" ይሉኝ ጀመር። ሰዉም መሪጌታ እየጠጡ እንደማይሰክሩ አስተዋለ፣ ቀለበቷንም አስተዋለ። አንድ ተማሪ ስለ አሜቴስጢኖስ ከእሳቸው የሰማውን አወራ፤ ወሬው ጂጋና ማንኩሳ ደረሰ። አባቴ ሲጠየቁ "አሜቴስጢኖስ ይባላል" ብቻ ይላሉ። ውሸት አልነበረም። በገበያ ቀን ሰዎች መጥተው ድንጋዩን ይስሙ ጀመር፤ አንዳንዴ እኔ ራሴ ውሃውን ረስቼ ድንጋዩ ነው እንዴ እላለሁ። ያ ዓመት በሕልም ውስጥ እንደኖርኩት ዓመት ሆኖ ነው የሚታወሰኝ። ክረምቱም ሳይታወቀኝ አለፈ። አባቴ ድምፃቸው ተመልሶ ነበር።

በቀጣዩ ጥቅምት ማኅበሩ እትዬ ጥሩወርቅ ቤት ነበር። እትዬ ጥሩወርቅ አረቄያቸው በከተማው የተመሰገነ ኩሩ ሴት ነበሩ። ቤቱ በሰው ሞልቶ እኔም እየቀዳሁ ሳለ አንዲት የገጠር ሴት ገብታ አባቴ እግር ሥር ተንበረከከች። አንጓች እንደምትባል በኋላ አወቅሁ። ከማንኩሳ ወዲያ ካለ ቀበሌ በእግሯ ነው የመጣችው።

"የኔታ፣ ባሌ ማር ቆራጭ ነው" አለች። "ሳይጠጣ ዛፍ አይወጣም። አምና ወድቆ ጎኑ ተሰበረ፣ ዘንድሮ ይሞትብኛል። ማሩ እስኪወርድ ቀለበትዎን ያውሱኝ። እሷን ካደረገ ቢጠጣም አይሰክርም።"

ሰዉ ሁሉ አዘነላት። ያውሷት እንጂ፣ ነፍስ ማዳን ነው አሉ። ቄሰ ገበዙም በአዎንታ ራሳቸውን ነቀነቁ። አባቴ ቀለበቷን ከጣታቸው አወለቁና መዳፋቸው ላይ አድርገው ለረጅም ጊዜ አዩዋት። እኔ ጠርሙሱን ይዤ ደርቄ ቆምኩ። ቢሰጧት ሰውየው ድንጋዩን አምኖ እየጠጣ ዛፍ ይወጣል። እውነቱን ቢናገሩ ወንበራቸው አለቀለት። እኔም በሰው ቤት፣ በእንግዳ ፊት፣ አረቄ በውሃ የለወጥኩ ልጅ እሆናለሁ፤ በእኛ አገር እንዲህ ያለችን ልጅ ለትዳር የሚጠይቅ የለም።

"እህቴ፣ ድንጋዩ ምንም አያውቅም" አሉ አባቴ። "ዘጠኝ ወር የጠጣሁት ውሃ ነው። ልጄን እንዲህ አድርጊ ብዬ ያዘዝኳት እኔ ነኝ።"

አፌን ልከፍት ፈለግሁ። አባቴ አዩኝ፣ አፌ አልተከፈተም።

ቄሰ ገበዙ እጃቸውን ዘርግተው ክር ያለበትን ጠርሙስ ከእጄ ወሰዱ። በራሳቸው መለኪያ ቀድተው ቀመሱ። "ውሃ ነው" አሉ። ጥቂት አሰቡና "ሰበካው ያለው እንዳይሰክሩ ነው፤ አልሰከሩም" ብለው መለኪያውን ጨረሱት። አንድ ሽማግሌ ሳል የመሰለ ሳቅ ሳቁ፣ ሌላውም ተከተለ። የአባቴ ወንበር በዚያች ሳቅ ተረፈ።

እትዬ ጥሩወርቅ ግን አልሳቁም። ቤታቸው ተደፍሯል። አንድ ወር ሙሉ ሰላምታዬን ሳይመልሱ ቆዩና በመጨረሻ ጎረቤት ሲያማኝ ሰምተው "ምን ታድርግ፣ የአባቷን ትእዛዝ ትሻር?" አሉ። በሁለተኛው ዓመት ለወንድማቸው ልጅ ያጩኝ እሳቸው ናቸው፤ ከእሱ ጋር አርባ ዓመት ኖርን።

አንጓች በዚያን ዕለት ወደ ጓሮ ተከትላኝ ወጥታ እንዴት እንደምቀዳ ጠየቀችኝ። ሁሉንም አሳየኋት። አንድ ነገር ግን ነገርኳት፤ አባቴ እኮ ቀምሰው ነው ዝም ያሉት፣ ያንቺስ ዝም ይላል? ነጠላዋን አጣፍታ መንገዷን ጀመረች። በኅዳር መጨረሻ በገበያተኛ አንድ ቅል ማር ላከችልን። ማን እንደቆረጠው አልጠየቅንም።

አባቴም ከዚያ በኋላ መለኪያ ሲቀርብላቸው መዳፋቸውን ከላይ ከድነው "ይቅርብኝ" ማለት ተማሩ። ከውሃው ይልቅ ይኸ ከበዳቸው። ሁለት ጊዜ ወድቀው ተነሱ፤ ያረፉት ግን ወንበራቸው ላይ ሆነው ነው።

ስለ ሮማውያኑ ሳስብ አደርኩ። የከበረ ድንጋያቸውን ማን እንደለበሰው፣ ማን እንደቀረጸው ተጽፏል። ከዚያ ሰውዬ ጀርባ ማሰሮ ይዛ የቆመችው ማን እንደነበረች አልተጻፈም። ምናልባት እሷም የአንድ አባት ልጅ ነበረች።

በዚያ ቤት ከነበሩት ዛሬ በሕይወት ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ። ሰው አባቴን እውነቱን በአደባባይ የተናገሩ መሪጌታ ይላቸዋል፤ ልክ ነው። በዚያች ንግግራቸው ውስጥ ግን አንድ ውሸት ነበረች፣ እኔም በእሷ ተከብሬ ኖሬያለሁ። አባቴ በጭራሽ አላዘዙኝም። ውሃውን የቀዳሁት በራሴ ነው።