የፀጉር አስተካካዩ ዳሌ

ፀጉር አስተካካዩን ጢም ሲላጭ ያየው ሰው ሁሉ አንድ ነገር ያደንቅለታል፤ አይነቃነቅም። የእጁ አንጓ እንደ ልቡ ይታጠፋል፣ ጣቶቹ የደንበኛውን አገጭ ቀና ዘንበል ያደርጋሉ፣ ከቀበቶው በታች ያለው ሰውነቱ ግን ወይ ፍንክች። ለዚህ ነው ደንበኞቹ «ሐውልቱ» የሚሉት። ስሙን ያወጡለት ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር ናቸው። «ምላጩ ጉሮሮዬ ላይ ሲቀመጥ ከሁለታችን የምንቀጠቀጠው እኔ ብቻ ነኝ» ይላሉ፣ በየሳምንቱ ወንበሩ ላይ ሲወጡ።

እርጋታው የተፈጥሮ ስጦታ አይደለም፤ ተምሮት ነው። ከሠላሳ ዓመት በፊት ሙያውን ያስተማረው ሰው የመጀመሪያውን ሳምንት ሙሉ መቀስ አላስነካውም። ከወንበሩ ኋላ አቆመውና የጫማውን ዙሪያ ወለሉ ላይ በጠመኔ አሰመረበት። «እግርህ ከዚህ መስመር ከወጣ የሰው ጆሮም ከቦታው ይወጣል» አለው። መዞር ካስፈለገ የሚዞረው ወንበሩ ነው። የግራው ጆሮ ሲፈለግ ደንበኛው ይዞራል፣ ማጅራቱ ሲፈለግ እንደገና ይዞራል፤ አስተካካዩ ባለበት ይቆያል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሰው ሲያዞር ኖረ እንጂ እሱ ራሱ ዞሮ አያውቅም።

ጎልፍ የጀመረው በሃምሳ ሁለት ዓመቱ ነው። የሚስቱ ታላቅ ወንድም ፋርማሲስት ነው፤ ሰኞ ሥራ የሚገባው ከሰዓት በኋላ ነው። ፀጉር ቤቱም ሰኞ ይዘጋል። አንድ ጠዋት «ና፣ አየር ትቀበላለህ» ብሎ ከከተማው ዳር ወዳለው ባለ ዘጠኝ ቀዳዳ ሜዳ ወሰደው፤ ከዚያ በኋላ ሰኞ የሌላ ሰው ሆኖ አያውቅም። ለምን እንደወደደው ሲጠየቅ መልሱ አጭር ነው። ቀኑን ሙሉ ዓይኑ ከአንድ ክንድ አርቆ አያይም። ሜዳው ላይ ግን ኳሷን እስከ መቶ ሃምሳ እርምጃ ድረስ ይከተላታል፤ እግረ መንገዱንም ሰማዩን ያያል።

በሁለተኛው ዓመት ወገቡን ይቆረጥመው ጀመር። መጀመሪያ ሰኞ ማታ ብቻ ነበር፤ ከዚያ ማክሰኞን ጨመረ፤ ኋላ ላይ ሐሙስ እንኳ የወደቀ ማበጠሪያ ለማንሳት ወንበሩን መደገፍ ግድ ሆነበት። ነገሩ ሲታይ ቀላል ነው። የጎልፍ ዱላው ወደ ኋላ ሲነሳ ትከሻ ይዞራል። ትከሻው ሲዞር ዳሌው አብሮት ጥቂት ካልዞረ፣ ጥምዘዛው በሙሉ ወገብ ላይ ይወድቃል። እርጥብ ፎጣ ሲጨመቅ አስቡት፤ አንዱ ጫፍ ተይዞ ሌላው ሲዞር የሚጨነቀው መሐሉ ነው።

ሊታከም የሄደባት የወገብ ሐኪም ወጣት ናት፤ በልጁ ዕድሜ ትሆናለች። በጀርባው አስተኝታ ጉልበቱን አጥፋ ጭኑን ወደ ውስጥም ወደ ውጭም አዞረችው። እንደ በር ማጠፊያ፣ ያለ ችግር ዞረ።

«አባቴ፣ ዳሌዎ ዝገት የለበትም» አለችው።

«ታዲያ ለምን አይዞርም ዶክተር?»

«እሱን እኔን አይጠይቁኝ። እንዳይዞር ያዘዙት እርስዎ ነዎት።» ቀጥላም ቁርጡን ነገረችው። «መቀስዎና የጎልፍ ዱላዎ በዚህ ሁኔታ አንድ ወገብ ላይ አይኖሩም። ከስድስት ሳምንት በኋላ አይዎታለሁ። ካልተሻለዎት አንዱን ያስቀምጣሉ።»

የቱን እንደሚያስቀምጥ መንገር አላስፈለጋትም። ቤት የሚተዳደረው በመቀሱ ነው። ሊቀር የሚችለው ሰኞ ብቻ ነው።

ከክሊኒኩ ሲወጣ ግን ካዘነው ይልቅ የገረመው በለጠ። ዳሌው መዞር ይችላል፤ አይዞርም። እንዴት ነው ሰው የገዛ አካሉን ሳያውቀው የሚያስረው?

ለምርመራ ከፀጉር ቤት የተሻለ ቦታ የለም። ከፊት መስታወት፣ ከኋላ መስታወት። በማግስቱ በምሳ ሰዓት መጋረጃውን ጋረደ፣ መጥረጊያውን ገልብጦ እጀታውን እንደ ዱላ ያዘ፣ በፊቱ መስታወት ላይ ደግሞ የቀበቶው ዘለበት የሚታይበት ቦታ ላይ በስክሪብቶ ነጥብ አደረገ። ከዚያ እጀታውን ወደ ኋላ አነሳ። ትከሻው ዞረ፣ አገጩ ዞረ። ዘለበቱ ከነጥቡ ንቅንቅ አላለም፤ እንደ ወዳጅ ፊት ለፊት ያየዋል። አሥር ጊዜ ደገመው። አሥር ጊዜም ያው። «ወይ ጉድ!» አለ፤ በጣም ደስ ብሎት።

ሰኞ ለፋርማሲስቱ ነገረው።

«ይህን ለማወቅ መስታወት ፈለግህ?» አለ ፋርማሲስቱ። «እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ ስነግርህ! ዳሌህን አንቀሳቅስ።»

«ወዴት ጋሼ?»

«ወዴት ማለት ምን ማለት ነው? አንቀሳቅሰዋ!»

አንቀሳቀሰው። ዱላው ወደ ኋላ ሲነሳ ዳሌውን ወደ ቀኝ ገፋ፣ ሲወርድ ወደ ግራ ገፋ፤ ልክ እንደ መሳቢያ። ዱላው ከኳሷ በስተኋላ መሬቱን ቧጠጠ፤ ሣር ከኳሷ ርቆ ሄደ። ሁለት ሰኞ እንዲህ አለፈ። ወገቡም አልተሻለውም፤ ጭራሽ ባሰበት። ሚስቱ ካልሲውን ሲያጠልቅ ሲያቃስት ሰምታ «አንተ ሰውዬ፣ ወንድሜን ልክሰሰው ወይስ አንተን?» አለችው።

ወደ መስታወቱ ተመለሰ፤ ስህተቱም እዚያ ተገለጠለት። ዘለበቱ አሁን ከነጥቡ ይርቃል፤ አንድ መዳፍ ያህል ወደ ቀኝ፣ አንድ መዳፍ ያህል ወደ ግራ። ግን የትም ቢሄድ ፊቱን ወደ መስታወቱ እንዳደረገ ነው። ተንሸራተተ እንጂ አልዞረም። መንሸራተትና መዞር የተለያዩ ናቸው! ይህን ግኝት በዚያ ሳምንት ያልሰማ ደንበኛ አልነበረም፤ ጆሮው ሥር መቀስ የተያዘበት ሰው ደግሞ መስማት ግዴታው ነው።

ለመዞሩ መድኃኒት ሆኖ ያገኘው ካፖርት መስቀያው አጠገብ ያለውን ባዶ ግድግዳ ነው። ጀርባውን ሰጥቶ፣ መቀመጫው ግድግዳውን ለመንካት ጥቂት ሲቀረው ጎንበስ ብሎ ቆመ። እጀታው ወደ ኋላ ሲነሳ የቀኝ መቀመጫው ግድግዳውን መንካት አለበት፤ ሲወርድ ደግሞ የግራው። የሚንሸራተት ሰው ግድግዳውን አይነካም፤ የሚዞር ይነካል። ግድግዳ አይዋሽም፣ አያሽሟጥጥም። በአራተኛው ሳምንት መጨረሻ ከአሥር ስምንቱን ይነካ ነበር።

ሜዳ ላይ ግን እጁ ይቀድማል። ዱላው ወደ ላይ ተነስቶ ሲያበቃ፣ ሠላሳ ዓመት ሥራውን ሁሉ የሠሩለት እጆች ዳሌውን ሳይጠብቁ ይወርዳሉ። ዳሌው ሊዞር ሲነሳ ኳሷ ሄዳለች።

ይህን የፈታው የወንበሩ መበላሸት ነው። በአምስተኛው ሳምንት ሹፌሩ ግማሽ ፊታቸው ተላጭቶ፣ ግማሹ አረፋ እንደለበሰ፣ የወንበሩ መዘውር ቀጥ አለ። ቢጎትተው ቢገፋው አይዞርም።

«እንግዲህ ዛሬ ግማሽ ሽማግሌ ሆኜ መግባቴ ነው» አሉ ሹፌሩ።

«አይ አባባ፣ እኔ እዞራለሁ።»

ዕድሜውን ሁሉ ያላደረገውን አደረገ። ቀኝ እጁ ምላጩን ከፍ አድርጎ እንደያዘ በግራ እግሩ ተራመደ። ክብደቱ ግራ እግሩ ላይ አረፈ፣ ዳሌው ተከተለ፣ ትከሻው ተከተለ፤ ምላጩ ከሁሉም በኋላ ደረሰ። እዚያው ላይ ቆመ፤ ምላጩ አየር ላይ ቀረ።

«ምነው? ቆረጥከኝ?»

«አባባ፣ እጄ መጨረሻ መጣ!»

«ቀድሞ ቢመጣማ የኔ መጨረሻ ነበር። ጨርሰኝ አንተ ልጅ!»

ጨረሳቸውና ፊታቸውን በፎጣ ሳይጠርግ ነገሩን ያስረዳቸው ጀመር። ሹፌሩ አረፋ በጆሯቸው ላይ ይዘው ሰሙት፤ ከሰሙም በኋላ ሳቁ። «ይህ እኮ የኔ ሙያ ነው» አሉ። «አውቶቡስ ሲነሳ የቆመ ተሳፋሪ አይተህ ታውቃለህ? መጀመሪያ የሚሄደው እግሩ ነው። ከዚያ ዳሌው፣ ከዚያ ትከሻው። ራሱ ኋላ ቀርቶ ተወዝውዞ ይመጣል። ፍጥነቱ ሁሉ ራሱ ላይ ነው፤ የጀመረው ግን ወለሉ ነው።» ከወንበሩ ሲወርዱ ደግሞ ጨመሩበት። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል። አንተ ግን እግር ይዘህ እንቁላል ሆነህ ኖርክ!»

ወንበሩን ማስጠገን የአንድ ከሰዓት ሥራ ነበር፤ አላስጠገነውም። አንድ ሳምንት ሙሉ ደንበኞቹን እየዞረ አስተካከለ። እያንዳንዱ ጆሮ ልምምድ ሆነ፦ እግር፣ ዳሌ፣ ትከሻ፣ እጅ። አንድ የባንክ ሠራተኛ ሁለቱ የጆሮ ግንድ ፀጉሮቹ እኩል አለመሆናቸውን አይቶ ተቆጣ፤ አስተካካዩም ይቅርታ ጠይቆ እንደገና ዞረ።

ከሐኪሟ ቀጠሮ በፊት በቀረችው ሰኞ ሜዳው ላይ ሁለቱን እግሮቹን አጋጥሞ ኳሷ አጠገብ ቆመ።

«ምን መሆንህ ነው? ሰልፍ ላይ ነህ?» አለ ፋርማሲስቱ።

«ዝም በልና እየኝ ጋሼ።»

ዱላውን አነሳ፤ የቀኝ ዳሌው ወደ ኋላ ዞረ። ዱላው ወደ ላይ ተነስቶ ሳያበቃ ግራ እግሩን ወደ ዒላማው አቅጣጫ አንድ ጫማ ያህል ተራመደና ረገጠ። ዳሌው ተከፈተ። እጆቹ ሳይጣደፉ ተጎትተው መጡ። ሲጨርስ ክብደቱ በሙሉ ግራ እግሩ ላይ ነበር፤ የቀኝ ተረከዙ ከመሬት ተነስቶ በጣቶቹ ጫፍ ቆሟል፣ ዘለበቱም ኳሷ የሄደችበትን ያያል። ኳሷ ከድሮው አሥር እርምጃ አጥራ ወደቀች።

«አጠረች» አለ ፋርማሲስቱ።

«አጥራለች» አለ አስተካካዩ፤ እጁን ወገቡ ላይ ጭኖ፣ የሆነ ድምፅ እንደሚያዳምጥ ሰው ቀጥ ብሎ። «ግን አላመመኝም።»

ሠላሳ ኳስ መታ፤ እየተራመደ፣ ኋላም ሳይራመድ፣ በመርገጥ ብቻ። አራቱ በድሮው ልማድ በእጅ ቀዳሚነት ሄዱ፤ እነዚያን ወገቡ ወዲያው ለየለት። ማታ አጎንብሶ የጫማውን ክር ሲፈታ ሚስቱ ድምፅ ጠብቃ አጣችና ቀና ብላ አየችው።

ረቡዕ ዕለት ሐኪሟ አስተኝታ የአከርካሪውን ግራና ቀኝ በአውራ ጣቷ ተጫነች። አላቃሰተም። ተነስቶ እንዲቆምና እጁን ደረቱ ላይ አጣምሮ እንዲዞር አዘዘችው። ትከሻው ከመንቀሳቀሱ በፊት ክብደቱ እግሩ ላይ ሲቀያየር አየች፤ ቅንድቧ ተነሳ።

«ማን አስተማረዎት?»

«ግድግዳ፣ የተበላሸ ወንበርና አንድ ሹፌር።»

«በአንድ ጊዜ ከአርባ ኳስ አያልፉም። ከመጀመርዎ በፊት አሥር ደቂቃ ይራመዳሉ። ቢያምዎት በዚያው ቀን ያቆማሉ።» ካርዱ ላይ ጻፈች። «እንደዚያ ከሆነ ሰኞዎን ይቀጥሉ።»

አመሰገናት፤ ግን አልወጣም። ሸሚዙን ሱሪው ውስጥ እየከተተ ወደ ታች፣ ወደ እግሩ ያያል።

«ዶክተር፣ አንድ ነገር ግራ ገብቶኛል። ዱላውን ሳነሳ ቀኝ ጉልበቴ አንዳንዴ ቀጥ ይላል፣ አንዳንዴ እንደታጠፈ ይቀራል። የቱ ነው ለዳሌው የሚቀለው?»

ሐኪሟ የሚቀጥለውን ታካሚ ልትጠራ በሩን ከፍታ ነበር። «አንድ ደቂቃ ይታገሡን» አለችና መልሳ ዘጋችው። «እስቲ ይቁሙ፣ ያሳዩኝ።»