የገመቹ ጣቶች ያረፉበት እጀታ

ዛሬ ጠዋት ከጎረቤት የሚሠራው ፎቅ ሠራተኞች ሲሚንቶ ሲያቦኩ፣ ደረቁ ዱቄት ውሃ ሲነካው የሚያወጣው ያ ቀዝቃዛ ሽታ፣ ዝናብ ሊጥል ሲል ከመሬት የሚነሳውን የሚመስል ነገር ግን ጉሮሮ የሚከረክር ሽታ፣ በአጥሩ ላይ ተሻግሮ በረንዳዬ ድረስ መጣ። ሌላ የእኔ ዕድሜ ሰው ቢሆን አፍንጫውን ይዞ ወደ ቤት ይገባ ነበር። እኔ ግን ወንበሬን ወደ አጥሩ አስጠጋሁ። ይህ ሽታ ለእኔ የወጣትነቴ ሽታ ነው። በአዳማ፣ ያኔ ሁላችንም ናዝሬት በምንላት ከተማ፣ ከሲሚንቶ ክብደት ሠርቶ ማንሳት የጀመርኩት እኔ ነኝ። እኔ ነኝ የጀመርኩት የሚል ካለ ይምጣና ይከራከረኝ፤ ድሮ ይከራከሩኝ የነበሩት አብዛኞቹ ሞተዋል።

ማንም አላስተማረኝም። ንባብ እንኳ የለመድኩት ስኳርና ጨው ተጠቅልሎበት በሚመጣው ጋዜጣ ላይ ነው። አንድ ቀን የሰፈራችን ጸጉር አስተካካይ ቤት ግድግዳ ላይ ከተለጠፉት ሥዕሎች መሀል ሁለት ትልልቅ ክብ ብረቶች የተሰኩበት ዘንግ ከራሱ በላይ ያነሳ ፈረንጅ አየሁና፣ ብረቱን ከየት እንደሚያመጡት ስላላወቅኩ እኔው ልሠራው ወሰንኩ። ባዶ የወተት ዱቄት ጣሳ ለመንኩ፣ አሸዋ ከወንዝ ዳር አመጣሁ፣ ሲሚንቶውን ግን ከየት እንዳመጣሁት አልናገርም። የመጀመሪያው ክብደት ፀሐይ ላይ ትቼው ተሰነጠቀ። ቀጥሎ የሠራሁትን በእርጥብ ጆንያ ጠቅልዬ እንደ አራስ ጥላ ውስጥ አስተኛሁትና ድንጋይ ሆኖ ወጣ። መሐንዲሶች ይህን ለማወቅ ዓመታት ይማራሉ፤ እኔ በአንድ የተሰነጠቀ ጣሳ ተማርኩት።

ጓደኛዬ ገመቹ ይባል ነበር። እናቱ እማማ ጫልቱ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ካለው ሜዳ ማዶ የሚኖሩ ወተት ሻጭ ናቸው፤ ሴት ልጅ ስላልነበራቸው ላሞቹን የሚያልበው እሱ ነበር፣ ሰፈሩም በዚህ ይስቅበት ነበር። የሚስቅበት ሰው ግን እጁን እስኪጨብጠው ድረስ ነበር የሚስቀው። የእኔ እጅ አካፋ ያክል ነበር፣ ጣቶቼም የበቆሎ ራስ ይመስሉ ነበር፤ የእሱ ደግሞ ቀጫጭን የሴት ጣት የሚመስሉ ነበሩ፣ ነገር ግን ከልጅነቱ ጀምሮ ማለዳና ማታ የላም ጡት ሲስብ ስላደገ አንዴ ከያዘ የሚያስለቅቀው አልነበረም። ስንገናኝ ሰላምታችን መጨባበጥ ነበር፤ ቀድሞ የለቀቀ ተሸናፊ ነው። አንድ ቀን በራቸው ላይ ተጨባብጠን አንለቅም ብለን ስንቆይ እማማ ጫልቱ የወተት ዕቃ ያጠቡበትን ውሃ እንደሚናከሱ ውሾች ደፉብን። እኔ ውሃ ተደፍቶብኝ እንኳ አልለቀቅኩም። እሱም አልለቀቀም።

ትልቁን ክብደት የሠራነው ሁለታችን ነን። ባለ አራት ማዕዘኑን የዘይት ቆርቆሮ በአርማታና በቁርጥራጭ ብረት ሞላነው፣ ለእጀታው ፌሮ አጥፈን ጫፍና ጫፉን አርማታው ውስጥ ቀበርን፣ ከዚያ እንዲወፍርና ጣት እንዲያስጨንቅ ፌሮውን በሽቦ ጠምጥመን በሲሚንቶ ለበጥነው። ሲሚንቶው ሳይደርቅ አንድ ሰው ጨብጦ ቅርጽ ሊያሲዘው ነበረበት። በእኔ እጅ ይሁን በእሱ እጅ ብለን ተከራከርንና ሳንቲም ወረወርን፤ ለእሱ ወጣ። ሲደርቅ የአራት ጣቶቹ ቦታ እንደ ማረሻ ትልም ተሰምሮ ቀረ። የእኔ ወፋፍራም ጣቶች ግን ትልሞቹ ውስጥ አይገቡም፣ ድንበሮቹ ላይ ይቀመጡና ድንበሩ ሥጋዬ ውስጥ ይገባል። የያዘውን ሰው ሁሉ ቅልጥም ስለሚመታ ክብደቱን ባለጌው አልነው።

እሁድ ከሰዓት ሜዳው ላይ ውድድር ነበር። ባለጌውን በአንድ እጅ አንጠልጥሎ እስከ ግራሩ ሄዶ መመለስ ነው፤ መሬት ከነካ ወጣህ። የጣቢያው ጫኝና አውራጆች ይመጣሉ፣ የወንጂ ልጆች ይመጣሉ፣ ሞጆ ቆዳ የሚጭኑት ይመጣሉ። አንድ ጊዜ ወደ ሻሸመኔ የሚሄድ የጭነት መኪና ረዳት፣ "ይቺን ነው እንዴ ናዝሬት የምትፎክርባት?" እያለ ወርዶ ሞከረና እያነከሰ ወደ መኪናው ተመለሰ። በመጨረሻ ሁልጊዜ የምንቀረው እኔና ገመቹ ነበርን፤ ብዙውን ጊዜ ያሸነፍኩት እኔ ነኝ፣ ይህን የሚያውቅ ያውቃል።

አንድ እሁድ ግን የሰፈሩ ባለሱቆች ለሽልማት ሙክት አዋጥተው ስለነበር ሕዝቡ ከሌላው እሁድ ሁሉ በዝቶ ነበር። እኔ ቀድሜ አነሳሁ። ግራሩን ዞሬ ስመለስ ከጣቶቼ ሥር ያለው ቆዳ ተላጠና እጀታው በደም ረጠበ። ባለጌው ሊያመልጠኝ ሲል ከሕዝቡ መሀል አንዱ ጫኝና አውራጅ፣ "ተሾ፣ እጅህን ማን ቅቤ ቀባህ?" አለ። ሌላው ተቀብሎ፣ "እማማ ጫልቱ ይሆናሉዋ፣ ልጃቸው እንዲያሸንፍ" አለና ሜዳው በሙሉ ሳቀ፤ እኔም ሳላስበው ሳቄ መጣና ክብደቱ መሬት ነካ። ገመቹ ደሜን በሸሚዙ ጠርጎ አነሳው፤ ግራሩን ዞረ፣ ተመለሰ፣ እፊቴ አመጣና ቀስ አድርጎ አስቀመጠው።

"እጀታው ያንተ ነው። በእኔ ልክ ቢሆን ታየኝ ነበር" አልኩት።

"ለሚቀጥለው ባንተ ልክ እንሠራዋለን፣ ምን ችግር አለ" አለኝ። ቀልዱን አልነበረም።

ብዙም ሳይቆይ ለሰሜኑ ጦር ወጣት መፈለግ ተጀመረ። ሰዎቹ ወደ ሰፈራችን ሲመጡ ጠንካራው ማን እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለጋቸውም፤ አንደኛውን ያን እሁድ ሜዳው ላይ ሲያጨበጭብ አይቼዋለሁ። እኔም ተጠራሁ። እጄ የታሰረበትን ጨርቅ ፈትተው ቁስሉን አዩት፤ አመርቅዞ ጣቶቼ አልታጠፍ ብለው ነበር። "ይሄ ቃታ አይስብም፣ ይቆይ" አለ አንዱ። ገመቹን ግን አላቆዩትም። ለሽልማት ያገኘው ሙክት ለመሸኛው ታረደ። መኪናው ላይ ሲወጣ እንደ ልማዳችን ቀኝ እጁን ዘረጋልኝ፣ ወዲያው ቁስሌን አስታወሰና ክንዴን ያዘ። "ባለጌውን ብቻህን አፍርሰህ እንዳትሠራው። እስክመጣ ጠብቅ" አለኝ። ጠበቅኩ። ቁስሌ ዳነ፣ ጣቶቼ ታጠፉ፣ ጉልበቴም ከበፊቱ ጨመረ፤ ባለጌው ግን እኛ ግቢ ጥግ ላይ ቆሞ ቀረ።

መርዶው የመጣው በማለዳ ነው። አስከሬን አልመጣም፣ ልብስ አልመጣም። ፎቶግራፍ እንኳ አልነበረውም፤ ላም የሚያልብ ልጅ ፎቶ ቤት ምን ይሠራል። ለቅሶው ካበቃ በኋላ አንድ ጠዋት እማማ ጫልቱ ወተት አድርሰው ሲመለሱ ወደ እኛ ግቢ ገቡ፤ ባለጌው አጠገብ ቁጭ ብለው እጀታውን ብዙ አዩት። ከዚያ ጣታቸውን አንድ በአንድ ትልሞቹ ውስጥ አስገቡ። ልጃቸውን ማለብ ያስተማሩት እሳቸው ነበሩ፤ የእጃቸው ቅርጽ የእሱ ነው፣ ልክ ገባ። ሲያለቅሱ አላየሁም።

"ተሾ ልጄ፣ ይሄን እኔ ቤት ታደርስልኛለህ?" አሉኝ።

"እማማ፣ ድንጋይ እኮ ነው። ምን ያደርግልዎታል?"

"ጥጃዋ የሞተባትን ላም አላየህም? ቆዳው ገለባ ተሞልቶ አጠገቧ ካልቆመላት ወተቷን አትሰጥም። ሞኝ ሆና አይደለም። ቆዳ መሆኑን ታውቃለች" አሉ። "አምጣልኝ።"

ጋሪ መጥራት እችል ነበር። በሁለት እጄ አቅፌ መውሰድም እችል ነበር። በአንድ እጄ፣ በእጀታው፣ አነሳሁት። ያን ቀን ነፋስ ነበር፤ የናዝሬት ነፋስ ሲነሳ አቧራውን እንደ ምሰሶ አቁሞ ሜዳውን ያቋርጣል፣ ዓይን አያስገልጥም። እማማ ጫልቱ ባዶ የወተት ጀሪካናቸውን ይዘው በጎኔ ይሄዳሉ። ድንበሮቹ የዳነውን ቆዳዬን እንደገና ከፈቱት፣ ትከሻዬ ከቦታው የወጣ መሰለኝ፣ ግራሩ ጋ ስንደርስ ደሜ አቧራው ላይ መንጠባጠብ ጀመረ።

"አሳርፈው እንጂ ልጄ" አሉኝ።

"መሬት ከነካ ወጣሁ እኮ፣ እማማ።"

"ማን ያየኛል ብለህ ነው?"

ሜዳው ላይ ከእኛና ከአንዲት የታሰረች ፍየል በቀር ማንም አልነበረም። ግራሩን አልፌ፣ ሜዳውን ጨርሼ፣ በአጥራቸው በር ገብቼ፣ መደባቸው አጠገብ ቀስ አድርጌ፣ እሱ እፊቴ እንዳስቀመጠው አድርጌ አስቀመጥኩት። መሬት የነካው እዚያ ብቻ ነው። በሕይወቴ ብዙ ነገር አንስቻለሁ፤ መቂ ላይ የጋሪ አክስል፣ ቆቃ ላይ ከነሰዎቹ የዓሣ ጀልባ ጫፍ፣ ይህን ሁሉ ጠጅ ቤት ለቁጥር እስኪታክት አውርቼዋለሁ። ያን ጠዋት ለማንም አውርቼ አላውቅም። "እጀታው በእኔ ልክ ቢሆን ኖሮ አሸንፌው ነበር" እያልኩ ግን ዕድሜዬን በሙሉ ስናገር ኖሬያለሁ፤ እጅህ ሳይቆስል ብታሸንፈው ኖሮስ ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም፣ እኔም ወሬውን ከዚያ አላሳልፈውም።

እማማ ጫልቱ እስኪያረጁ ድረስ ላሞቻቸውን አልበው ሲገቡ፣ ቅባቱ ያልለቀቀ እጃቸውን እጀታው ላይ ያሳርፉ ነበር። ሲሚንቶው በዚያ ሁሉ ዘመን ጠቁሮና ለዝቦ የቀንድ ዋንጫ መሰለ። ሲሞቱ ለቀብር የመጡት ዘመዶቻቸው ይህ ድንጋይ ምን ይሠራል ብለው ደጅ አውጥተውት አገኘሁና ባጃጅ ጠራሁ። ሹፌሩ ሁለት ሰው ሲጭነው አይቶ፣ "አባባ፣ ይሄ ከኋላ ከተጫነ እርስዎ ከፊት ተቀምጠው ካልያዟት ባጃጄ ሰማይ ነው የምታየው" አለኝ። አሁን የግቢያችንን በር ነፋስ እንዳያላጋው ደግፎ ይውላል። ሜዳው ላይ ፎቅ ቆሟል፤ ግራሩ የት ጋ እንደነበር ከእኔ በቀር የሚያሳይ ሰው ያለ አይመስለኝም። በአሮጌው ጣቢያ ባቡር ማለፍ ካቆመ ቆየ።

ዛሬ ጠዋት ያ ሽታ እረፍት ሲነሳኝ ከወንበሬ ተነስቼ ወደ በሩ ሄድኩ። አጎንብሼ እጀታውን ያዝኩት። እነዚያ የበቆሎ ራስ ያክሉ የነበሩ ጣቶቼ ከስተዋል፣ ሥጋቸው አልቆ አጥንትና ቆዳ ቀርቷል፤ አራቱም ትልሞቹ ውስጥ ገቡ። ምንም ድንበር አልወጋኝም። ገመቹ ባንተ ልክ እንሠራዋለን ያለኝ እጀታ፣ ማንም ሳያፈርሰው፣ ማንም ሳይሠራው፣ ልኬ ሆኖ ጠበቀኝ። ሳብኩት። ከቦታው ንቅንቅ አላለም።

ከፎቁ ሠራተኞች አንዱ፣ እጁ እስከ ክርኑ በሲሚንቶ የነጣ ጎረምሳ፣ በአጥሩ በኩል አየኝና፣ "አባባ፣ ልምጣና ላንሳልዎት?" አለ።

"አይ ልጄ፣ ሰላም እያልኩት ነው" አልኩት።

የቀለድኩ መስሎት ስቆ ወደ ሥራው ተመለሰ። እኔ እንደ ጨበጥኩት ቆየሁ፤ ወገቤ እስኪያመኝ ድረስ። ከዚያ ቀድሜ የለቀቅኩት እኔ ነኝ።