ሦስት ጥሎ የመጣው

ልጅ እያለሁ በእኛ ቀበሌ ከሰው ሁሉ አብልጬ የማደንቀው ያዛቸውን ነበር። ዛሬ ስሙን ስጠራ አፌን እንደ ሬት ይመረኛል። "አያ ያዛቸው" እያልን፣ በአንቱታ ጎንበስ ቀና እያልን ነው ያደግነው። እኔ ግን አንቱታዬን ካነሣሁበት ቆይቻለሁ፤ "አንተ"ም ይበዛበታል። እናንተም በየሰፈራችሁ አንድ ያዛቸው አታጡም። ጦርነት በተነሣ ቁጥር ደረቱ የሚሰፋ፣ ዕድሜውን ሙሉ የሰው ልጅ ሲያዘምት የኖረ፣ የእሱን እግር ግን እሾህ እንኳ ወግቶት የማያውቅ።

ቤታችን ከጅጋ ወደ ፍኖተ ሰላም በሚወስደው መንገድ ዳር ነበር። ትምህርት ቤት በእረፍት ሰዓት ጨዋታችን ጦርነት ነው። ጠመንጃችን የበቆሎ አገዳ፣ ምሽጋችን የአስተማሪዎቹ ሽንት ቤት ጀርባ። በፉከራ "ገደልሁ" ከማለት "ጣልሁ" ማለት ያምራልና ወንዶቹ "ጣልሁሽ!" ይሉኛል። ሴት ስለሆንሁ ጣይ መሆን አልተፈቀደልኝም፤ የእኔ ሥራ መውደቅ ብቻ ነበር። ቀሚሴን አቧራ በአቧራ አድርጌ እገባለሁ፣ እናቴ ትቆጣኛለች፣ በማግሥቱ ደግሜ እወድቃለሁ። በርበሬ በየደጁ ተሰጥቶ የሚውልበት ወራት ከሆነ ደግሞ ሬሳው ያስነጥሰዋል፤ ያን ጊዜ ጦርነቱ ፈርሶ ሁላችንም መሳቅ ነው።

ይህን ሁሉ ያስተማረን ያዛቸው ነው። በገበያ ቀን ጠላ ቤቱ ደጃፍ አግዳሚ ላይ ይጎለትና የሰሜኑን ጦርነት ያወራል። በደርግ ጊዜ ዘምቶ ነበር፤ መዝመቱስ እውነት ነው። ጠላው በጨመረ ቁጥር የጣላቸው ሰዎችም ይጨምራሉ። ጠዋት ሁለት የነበሩት ከሰዓት በኋላ አምስት ይሆናሉ። ማንም "ጠዋት እኮ ሁለት ነበሩ" ብሎ አይጠይቀውም። ጠላ እየገዙለት ያዳምጡታል እንጂ!

ጎረቤታችን አያ አንለይም ዘማች ነበሩ። እሳቸው ጦሩ ሲበተን በእግራቸው ነው ከሰሜን የመጡት። ስለ ጦርነቱ ትንፍሽ አይሉም። እኛ ልጆቹ የምናውቅላቸው አንድ ነገር ነበር፦ ውሃ ሲጠጡ ጨርሰው አይጠጡም። የቱንም ያህል ጠምቷቸው ከእርሻ ቢመለሱ ግማሹን ጠጥተው ግማሹን በጣሳው ውስጥ ትተው ያስቀምጡታል። እኛም እየተከተልን "አያ ግማሽ" እንላቸው ነበር። ያዛቸው ደግሞ "ጦርነት አስፈራርቶት የቀረ" ይላቸዋል፤ ሰው ይስቃል።

ታላቅ ወንድሜ ስንሻው ጢሙ ማቀምቀም በጀመረበት ዓመት ሌላ ጦርነት ተነሣ። አባታችን ሞቶ ሞፈር የያዘው እሱ ነው። እናቴ ሌላ ወንድ ልጅ የላትም። እሱ ግን ያዛቸው ሥር ቁጭ ብሎ ማደጉ መቼ ቀረለት? "ሰኞ ፍኖተ ሰላም ሄጄ እመዘገባለሁ" አለ። እናቴ ለመነችው፣ አለቀሰች፣ የንስሐ አባቷን አምጥታ አስመከረችው፤ ወይ ፍንክች! ያዛቸው ጭራሽ ትከሻውን እየመታ "የእናት እንባ የወንድ ልጅ ስንቅ ነው" አለው። እናቴ ያን ቀን እህል አልቀመሰችም።

ከዚያ ሰኞ በፊት በነበረው እሑድ የሌላ ጎረቤታችን ሠርግ ነበር። ዳሱ በባሕር ዛፍ ቅጠል ተሸፍኖ ሽታው ጭንቅላት ያዞራል። ከሰዓት በኋላ፣ ሰው ሞቅ ብሎት ሲጨፍር፣ ያዛቸው ዘሎ መካከል ገባ። "ዘራፍ! አምስት ጥሎ የመጣ!" አለ፤ ዳሱ በእልልታ ተናጋ። ስንሻው ዓይኑ ይንቦገቦጋል። ያዛቸው ግን አልበቃው ብሎ ወደ ጥግ ዞረ፤ እዚያ አያ አንለይ ተቀምጠዋል። "አንለይ፣ አንተስ? ዘምቼ ነበር ትል የለም? ወይስ የሚቆጠር ነገር አጣህ?" አለና ሰዉን አሳቀው። ጎረምሶቹም "ይፎክሩ! ይፎክሩ!" እያሉ ጮኹ።

አያ አንለይ ቀስ ብለው ተነሡ። ጋቢያቸውን አውርደው እንደ ወጉ አደገደጉ። "ዘራፍ አንለይ! ሦስት ጎበዝ ጥሎ የመጣ!" አሉ። እኔ ልጅቷ ሳልቀር ሴቱ ሁሉ እልል አልን። ያ ዝምተኛ ሰውዬ ለካ ጀግና ኖሯል!

"እልል አትበሉ" አሉ እጃቸውን አንሥተው። "ጥሎ አልሁ እንጂ ገድሎ መቼ አልሁ? የገደልሁትንስ እንጃ፤ ጭስ ውስጥ ነው የተኮስሁ። የጣልኋቸውን ግን በስም አውቃቸዋለሁ።"

ከዚያ ተናገሩ። ድምፃቸውን እንኳ ከፍ አላደረጉም። ሦስቱም የኛው አገር ልጆች ናቸው፤ አንዱ የቡሬ፣ አንዱ የጅጋ፣ አንዱ የደምበጫ። መድፉ ሲወርድ ውሎ፣ ምሽጉ ፈርሶባቸው፣ የሞቱ ጓደኞቻቸውን ደራርበው ከለላ አድርገው ነበር። ሬሳው ፀሐይ ላይ ያብጣል፤ ጥይት ሲያገኘው እርጥብ ቆዳ በዱላ ሲመታ የሚሰማውን ድምፅ ያሰማል። ያን ድምፅ እየሰሙ ከሬሳው ሥር ተኝተው ዋሉ። በኋላ ሁሉም መሸሽ ሲጀምር ሦስቱ ቆስለው ጉድጓዱ ውስጥ ነበሩ። የቡሬው አንጀቱን በሁለት እጁ ይዞ "እሰረኝ፣ በነጠላም ቢሆን እሰረኝ" ይላል። የጅጋው እግሩ ተቆርጦ እናቱን ይጠራል። የደምበጫው ዓይኑ ጠፍቷል፤ መሬቱን እየዳበሰ "አንለይ፣ አለህ?" ይላል።

"እናቴ ከሰው አንለይ ብላ ያወጣችልኝን ስም ነው የሚጠራ" አሉ አያ አንለይ። "በእጁ ሊነካኝ ትንሽ ነው የቀረው። አለሁ አላልሁትም። አጠገቡ የነበረው ኮዳ የእሱ ነበር፤ ግማሽ ውሃ ነበረበት። አነሣሁና ሄድሁ። መንገድ ላይ ብቻዬን ጨለጥሁት።"

ያን ጊዜ ነው የዚያ ጣሳ ነገር የገባኝ። አያ አንለይ ወደ ወንድሜ ዞሩና "ስንሻው፣ ነገ ትሄዳለህ አሉ። ጀግናም ሁን ፈሪ የምትጥለው ሰው አታጣም። መጀመሪያ እናትህን ነው የምትጥል" አሉት።

ያዛቸው በንዴት ሊሞት! "ሬሳ ውስጥ ተሸጉጦ የመጣ ፈሪ ሠርግ ያበላሻል!" ብሎ ጮኸ። አያ አንለይ ጋቢያቸውን እያነሡ፣ "አንተማ እውነትህን ነው፣ ያዛቸው። ስንቅ ልንወስድ ስንመጣ መጋዘኑ ደጅ አይቼሃለሁ። ብዙ ጥለሃል፤ ከመኪና ላይ፣ የዱቄት ጆንያ" አሉና ወጥተው ሄዱ። የሳቀ ሰው ግን የለም። ይልቅ በሠርግ መካከል ሬሳ አወሩ ተብለው የታሙት አያ አንለይ ናቸው። ሰው ምን ጉድ ነው! እውነት የተናገረውን ይቀየሙና ለዱቄት ተሸካሚው እንደገና ጠላ ይቀዱለታል።

በማግሥቱ ጎረምሶቹ እየዘፈኑ በደጃችን ሲያልፉ ስንሻው በሬ ጠምዶ እርሻ ላይ ነበር። ቀና ብሎም አላያቸው። ያዛቸው ዘማቾቹን ሊሸኝ ከፊት ከፊት እየሄደ ደጃችን ሲደርስ እንዝርት ወረወረልን፤ ወንዱ ከቤት ከቀረ እንግዲህ ይፍተል ማለቱ ነው። እኔ በንዴት ልሰባብረው ነበር። እናቴ ግን አነሣችና አገላብጣ አየችው፤ "ጥሩ እንዝርት ነው፤ የእኔው ጎብጦብኝ ነበር" አለች። ክረምቱን ሙሉ በዚያ እንዝርት ፈትላ ለስንሻው ጋቢ አሠራችለት። ከሄዱት ልጆች የተመለሱም አሉ፣ ያልተመለሱም አሉ። ያዛቸው በየለቅሷቸው ፎከረ፣ በየተዝካራቸው በላ። እሱም በጊዜው ሞቷል። ነፍሱን ይማር ማለት ስላለብኝ፣ እሺ፣ ይማር።

ወንድሜ ግን "እንዝርቱ" ተብሎ ቀረ። ሚስት ሲያገባ፣ ልጅ ሲወልድ፣ ፀጉሩ ሲሸብት ያ ስም አለቀቀውም። በየሠርጉ ሌላው ሲፎክር እሱ ጥግ ይዞ ይቀመጣል፤ ልክ እንደ አያ አንለይ። እሳቸውም ካረፉ ቆዩ።

ባለፈው ጥር የስንሻውን ልጅ ፍኖተ ሰላም ላይ ዳርን። ሠርግ እንኳ ድሮ ቀረ። ዳሱ ሸራ ነው፤ የባሕር ዛፍ ሽታ የለው፣ የምን ሽታ! ጎረምሶቹ ጠላውን ትተው ስልካቸው ላይ ተደፍተዋል። የሰው ቤት ሲነድ፣ የሰው ልጅ ሲወድቅ የሚያሳይ ቪዲዮ ይቀባበሉና "በለው!" ይላሉ፤ ቀጥሎ የለስላሳ ቆርኪ ይከፍታሉ። የእኛ ጊዜ ያዛቸው ቢያንስ መጋዘን ድረስ ሄዷል። እነዚህ ካልጋቸው ሳይወርዱ ነው የሚያዘምቱት። እንዴት እንደምንቃቸው ልነግራችሁ አልችልም!

ማይክ የያዘው ደግሞ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? የያዛቸው ልጅ። እየተሽኮረመመ "እስቲ የሙሽራው አባት ጋሼ ስንሻው ይፎክሩልን!" አለ። ከኋላ አንዱ "እንዝርቱ!" ሲል ሁሉም በሳቅ ፈነዳ። ሙሽራው አንገቱን ሲደፋ አየሁት። ልጁ በሠርጉ ቀን በአባቱ ሲያፍር ማየት አንጀቴን በላው።

ስንሻው ተነሣ። ያቺን ያረጀች ጋቢውን አውርዶ አደገደገ። "ዘራፍ ስንሻው! አንድም ሰው ያልጣለ!" አለ።

ሳቁ ባሰ። ስልኩ ሁሉ ወደ እሱ ተቀሰረ። ወንድሜ እንደ ቆመ ቀረ። አጠገቤ የተቀመጠችው እናቴ ጆሮዋ ደክሟልና ክንዴን ጎተተችኝ።

"ስንት ጣልሁ አለ?"

"ማንንም አልጣልሁም አለ፣ እማ።"

"እውነቱን ነው" አለች። በእኔ ትከሻ ተደግፋ ተነሣችና እልልታዋን ለቀቀችው። እኔም ተቀበልኋት።