የሰኔው ጥቁር ኬክ

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄ በሳህን ሸፍና አንድ ነገር አመጣችልኝ። «አያቴ፣ ብራውኒ ነው፤ ራሴ ነኝ የጋገርኩት» አለችኝ። መነጽሬን አድርጌ አየሁት። ጥቁር ነው፣ ጠፍጣፋ ነው፣ ላዩ ስንጥቅጥቅ ብሏል። አንዱን አንስቼ ገመጥ እንዳደረግኩ «ኧረ ይሄ እኮ የእማዬ ጥቁር ኬክ ነው!» ብዬ ጮህኩ። ልጅቷ ደነገጠች። በእሷ ቤት ብራውኒ ትናንት ስልክ ውስጥ የተፈለሰፈ ነገር ነው። ይሄን ኬክ እኔ በደርግ ጊዜ፣ በከሰል፣ በኮባ ቅጠል ላይ ጋግሬዋለሁ ብላት መች ታምነኛለች? ሁለተኛውን አነሳሁ።

እማዬ በወጣትነቷ እዚሁ አዋሳ (ያኔ ሐዋሳ የሚል አልነበረም፣ አዋሳ ነበር የምንላት) አንዲት ፈረንጅ አስተማሪ ቤት ምግብ ታበስል ነበር። ሴትዮዋ አገሯ ስትገባ አንድ ቆርቆሮ ካካዎ ሰጠቻት፣ የኬኩንም አሠራር አሳየቻት። እማዬ ማንበብ ስለማትችል አሠራሩን በጣቷ ቆጥራ ነበር የያዘችው። ዱቄትና ስኳር በሻይ ብርጭቆ፣ ዕንቁላል አራት፣ ቅቤ ደግሞ በዓይኗ። ካካዎው ግን ዕድሜ እንዲኖረው በማንኪያ ነበር የሚለካው፤ እንደ መድኃኒት ከቁም ሳጥኑ ጫፍ ላይ ተቀምጦ በዓመት አንዴ ይወርዳል።

ሁለት ጓደኞች ነበሩኝ። አሁንም አሉኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ሙና አባቷ እዚሁ አዋሳ ፒያሳ ጨርቃ ጨርቅ የሚሸጡ የስልጤ ነጋዴ ናቸው፤ ሳቂታ፣ ነገር የማይከብዳት ልጅ። ጥሩወርቅ ደግሞ ታቦር ተራራ ሥር ከሚኖሩ የመንግሥት ሠራተኛ ቤት የተወለደች፣ ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ቤተ ክርስቲያን ሳትሳለም ትምህርት ቤት የማትመጣ። እኔ የሲዳማ ልጅ ነኝ፣ ቤታችን ደግሞ ጴንጤ። ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ልማድ ነበረን፤ ትምህርት ሲዘጋ በተራ አንዳችን ቤት ተሰብስበን እንበላለን። ሥጋ ግን አይቀርብም። የእስላም ሥጋ፣ የክርስቲያን ሥጋ የሚባለውን ጣጣ እናቶቻችን ያለ ስብሰባ ተስማምተው ዘግተውታል። ሙና ቤት የምስር ሳምቡሳ፣ ጥሩወርቅ ቤት ሽሮ፣ እኛ ቤት ጥቁር ኬክ።

አስራ ሁለተኛ ክፍልን የጨረስን ዓመት ተራው የእኔ ነበር። የመጨረሻችንም ነበር፤ ከዚያ በኋላ ማን የት እንደሚመደብ አይታወቅም። ችግሩ፣ አባባ በዚያው ዓመት ታሰረ። የጸሎት ቤታችን ተዘግቶ ስለነበር ስድስት ሰባት ሰው ሳሎናችን ውስጥ ይጸልይ ነበርና አንድ እሑድ መጥተው ወሰዱት። ሌላ ወንጀል የለውም፤ አባባ ጉንዳን እንኳ ዞሮ የሚያልፍ ሰው ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰው ከበራችን ጠፋ። አልፈርድም፣ ዘመኑ ነው። የቀበሌው ጽሕፈት ቤት ደግሞ ከደጃችን ፊት ለፊት ነበር፤ ወደ እኛ ቤት የሚገባ ሰው ሁሉ ከዘቡ ዓይን አያመልጥም። ልጇን አዝላ ቤታችን የምትውል ጎረቤት መንገድ ላይ ስታየን ነጠላዋን መከናነብ ጀመረች። እኔን የሚያንገበግበኝ ግን የጎረቤቱ አልነበረም። ሙናና ጥሩወርቅ ትምህርት ቤት እንደ ወትሮው ያወሩኛል፣ ይስቃሉ፣ ደብተር ያውሱኛል። ቤቴ ግን አንድ ቀን አልመጡም። ይመጡ ይሆን? ሌት ተቀን የማብሰለስለው ይሄን ብቻ ነበር። ሳይመጡ ከተለያየን ሰባተኛ ክፍል የጀመረው ሁሉ ውሸት ይሆንብኛል።

የመልቀቂያ ፈተናውን ከጨረስን ከጥቂት ሳምንት በኋላ፣ ሰኔ ውስጥ፣ ኬኩን ልጋግር ብዬ ለእማዬ ነገርኳት።

«በምን ስኳር?» አለችኝ።

እውነቷን ነው። ስኳር በቀበሌ ሱቅ በኩፖን ነበር የሚገኘው፤ አባባ ከታሰረ ወዲህ የእኛ ስም ሲጠራ «አልመጣላችሁም» ነው መልሱ። ቤት ውስጥ ያለችው አንዲት ጣሳ ስኳር እማዬ እየቆጠበች ለአባባ ከስንቁ ጋር የምትወስዳት ነበረች።

«እነሱም ባይመጡ አትቀየሚያቸው» አለችኝ። «የሰው ልጆች ናቸው። ወላጆቻቸው ይፈራሉ።»

«ካልመጡ ይታወቃላ!»

እማዬ ተነሳችና ጣሳዋን አውርዳ እጄ ላይ አስቀመጠቻት። «አባትሽ ቢጠየቅ ስጪያት ነበር የሚለው» አለች።

በማግሥቱ ፒያሳ ወርጄ ሙናን ሱቅ ውስጥ አገኘኋት። «ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት፣ ኬክ፣ እኛ ቤት፤ ለጥሩወርቅም ንገሪልኝ» አልኳት በአንድ ትንፋሽ። ሙና ሜትሩን እንደያዘች ቆም አለች። «ቅዳሜ?» አለችና አባቷን ዘወር ብላ አየቻቸው። ከዚያ «ኢንሻአላህ እንመጣለን» አለች። ያቺ ቆም ማለት ሦስት ቀን እንቅልፍ ነሳችኝ። እኔ ድሮም ነገር ማብላላት እወዳለሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ዶፍ ዘንቦ አባራ። ኬኩን እንደ ድፎ ዳቦ ነው የጋገርኩት፤ ብረት ድስቱን ኮባ አልብሼ፣ ሊጡን ገልብጬ፣ ክዳኑ ላይ ፍም፣ ሥሩም ፍም። ቤት ውስጥ የነበረው ቅቤ የወጥ ቅቤ ነበር፤ ኮረሪማው፣ ኮሰረቱ፣ ነጭ ሽንኩርቱ ሁሉ ገብቶበት የተነጠረ። «ካካዎው ያሸንፈዋል» አለች እማዬ። አላሸነፈውም። ድስቱ ሲከፈት ቤቱ ፋሲካ ፋሲካ ሸተተ።

ዘጠኝ ሰዓት ሆነ፣ ማንም የለም። ዘጠኝ ተኩል ሆነ። እኔ መስኮቱ ጋ ተተክያለሁ፤ እማዬ ላለማየት ብላ የተጠረገውን ቤት ደግማ ትጠርጋለች። ጋሪ በጭቃው ውስጥ እየተንገጫገጨ ያልፋል፣ ልቤ ዘለል ይላል፣ ጋሪው አይቆምም። አስር ሰዓት ሊሆን ሲል ሁለቱን ከማዶ አየኋቸው። ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው፣ ጃንጥላ ተጋርተው፣ በጓሮ በኩል ሳይሆን በዋናው መንገድ ይመጣሉ። ዘቡ ከጽሕፈት ቤቱ በር ተነስቶ አስቆማቸው።

«ወዴት ነው?»

«ኬክ ተጠርተን ነው፣ ጋሼ» አለችው ሙና፣ ሰፈሩ እስኪሰማ። ሰውየው ከመንገዱ ዘወር ብሎ አሳለፋቸው።

አንገታቸው ላይ ተጠመጠምኩ። እማዬ ደግሞ አገላብጣ ሳመቻቸው። ኬኩን ቆርጬ፣ በሳህን አድርጌ፣ መጀመሪያ ለሙና ዘረጋሁላት። ሙና ሳህኑን አየች፣ እኔን አየች፣ ከንፈሯን ነከሰች።

«መሲዬ፣ ረመዳን እኮ ነው።»

እጄን ራሴ ላይ ጫንኩ። በዚያ ዓመት ረመዳን ሰኔ ላይ ነበር የዋለው። ወይ ጉድ! ስንት ዓመት ሙሉ ለሥጋው ተጠንቅቄ፣ ጾሙን ረሳሁት። በዚያን ሰሞን እኔ የማውቀው ስንቅ የሚገባበትን ቀን ብቻ ነበር፤ ሰኞ ይሁን ማክሰኞ ሰው ካልነገረኝ አላውቅም። ሙና ቀስ ብላ «አልመጣም ያልኩሽ እንዳይመስልሽ ብዬ ነው ሱቅ ውስጥ ያልነገርኩሽ፤ ማግሪብ እስኪሆን እቀመጣለሁ» አለችኝ። እሺ፣ የእሷስ ይሁን። ወደ ጥሩወርቅ ዞሬ ሳህኑን ሰጠኋት።

«እኔም ጾመኛ ነኝ» አለች ጥሩወርቅ ወደ መሬት እያየች።

እዚህ ላይ ነው እኔ የተበላሸሁት። ጴንጤ ብሆንም የሰኔን ጾም አውቀዋለሁ፤ ሰዉ የቄስ ጾም ነው የሚለው፣ ብዙው ምእመን አይጾመውም። እሷም ራሷ ባለፈው ዓመት በዚሁ በሰኔ ዕንቁላል ፍርፍር ስትበላ አይቻታለሁ። ደሜ ፈላ።

«ከመቼ ወዲህ ነው ቄስ የሆንሽው? የታሰረ ሰው ቤት አልበላም በይ እንጂ! የጴንጤ እጅ ነው በይ እንጂ!» አልኳት። «ይሄ ስኳር የአባባ ነው፤ ከአፉ ነጥቀን ነው ያመጣንልሽ! ሰበብ ከምትደረድሪ ባትመጪ ይሻል ነበር!»

እማዬ «መሠረት!» ብላ ጮኸች። አፌ ግን ድሮም ይቀድመኛል፣ ከወጣ ወጣ። ጥሩወርቅ ሳህኑን ጭኗ ላይ እንዳስቀመጠች እንባዋ ኬኩ አጠገብ ጠብ ጠብ ይል ጀመር።

«አንቺ ደደብ!» አለችኝ ሙና፤ በሕይወቷ ተቆጥታኝ የማታውቅ። «ለአባትሽ ብላ ነው እኮ የምትጾመው! ተስላ ነው! ሰኔን ልጹም፣ የመሲን አባት አስፈታልኝ ብላ። ንገሪያት ብላት፣ አይሆንም፣ ስለት አይወራም ብላ አፌን አዘጋችኝ።»

ያኔ ምን እንደተሰማኝ መናገር አልችልበትም። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ጉልበቷ ላይ ተደፋሁ። «ይቅር በይኝ» የሚለውን ስንቴ እንዳልኩት አላውቅም። እሷ ፀጉሬን እየደባበሰች «ተይ፣ ተይ፣ እኔ ነኝ ጥፋተኛ፣ ቀድሜ መምጣት ነበረብኝ» ትላለች። «አባቴ ቆይ እያለኝ ነው። ዛሬ ግን ተነስቼ ስወጣ እሱም አልከለከለኝም።» እማዬ ግድግዳውን ይዛ ቆማ በሲዳምኛ እግዚአብሔርን ታመሰግን ነበር። እማዬ ስታለቅስ ያየኋት ያን ቀን ብቻ ነው፤ አባባን ሲወስዱት እንኳ አላለቀሰችም።

ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ ደስ የሚል ነበር። እማዬ ለጥሩወርቅ የባቄላ ንፍሮ ቀቀለችላት። ፀሐይ ስትገባ ሙና በውኃ ጉሮሮዋን አርሳ ኬኩን ጎረሰች፣ አላመጠች፣ ቆመች፣ እንደገና አላመጠች። «እትዬ አስቴር» አለች እማዬን፣ «ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ዶሮዋ የት አለች?» ዶሮ ወጥ ዶሮ ወጥ ይላል ማለቷ ነው። እማዬ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ሙና ሦስት ቁራጭ በላች ደግሞ፣ ጉደኛ! ጥሩወርቅ የራሷን ድርሻ አልነካችውም። ስትነሳ በኮባ ጠቅልላ «እትዬ፣ ይቺን ነገ ለጋሼ ይውሰዱልኝ» ብላ ሰጠቻት። እሑድ ወሰድንለት።

አባባ የተፈታው ወዲያው አይደለም፤ ክረምቱ አልፎ፣ ጥቅምት ላይ ነው። ከስቶ፣ ጢሙ ሸብቶ ገባ። ገላውን ታጥቦ ልብሱን ሲቀይር እማዬ «ደግሞ ወዴት?» አለችው። «ታቦር» አለ። ተከተልኩት። ጥሩወርቅ መምህራን ማሰልጠኛ ልትገባ ሻንጣዋን እያዘጋጀች ነበር። አባባ ደጃፏ ላይ ባርኔጣውን አወለቀና ለአስራ ስምንት ዓመት ልጅ ወገቡ እስኪታጠፍ እጅ ነሳ። «ልጄ፣ ለእኔ ብለሽ ተራብሽ አሉኝ» አላት። እሷ በእፍረት በሩ ኋላ ተሸሸገች። የጸሎት ቤታችን ትምህርት ስለት የሚባለውን ነገር አይቀበልም፤ አባባ ግን ያን ቀን ስለ ትምህርት አንድ ቃል አልተናገረም።

ይኸው አረጀን። ሙና ፒያሳ የአባቷን ሱቅ ወርሳ ዛሬም ትስቃለች። ጥሩወርቅ ጡረታ ወጥታ ታቦር ትኖራለች። በዚያ ዘመን ስንቱ ወዳጁን ፈርቶ ሸሸ፣ ስንቱስ አሳልፎ ሰጠ። እኔ በቀን ብርሃን፣ በዋናው መንገድ፣ በጭቃ የመጡልኝ ሁለት ሰዎች ነበሩኝ። ከዚህ በላይ ምን ልለምን? ሲከፋኝ ያን አስባለሁ፣ ይበቃኛል።

አባባ ካረፈ ብዙ ዓመቱ ነው። ጥሩወርቅ ግን እስካሁን ሰኔን ትጾማለች። አምና ስኳር በሽታ ይዟት ሐኪሙ ተዪ ቢላት አሻፈረኝ አለች፤ እኔም ተናድጄ ቤቷ ሄድኩ።

«አንቺ ሴትዮ! ሰውየው ተፈታ፣ ኖረ፣ ልጅ ዳረ፣ በሰላም አረፈ። አሁን ለማን ነው የምትጾሚው?»

ጥሩወርቅ እንደ ልማዷ ወደ መሬት አየች። «ያኔ ስሳል ይፈታልኝ ብቻ ነው ያልኩት» አለችኝ። «እስከ መቼ እንደምጾም መናገር ረሳሁ። ታዲያ በየትኛው ዓመት ላቁም?»

ልስቅባት አፌን ከፍቼ አለቀስኩ።