ጊዜው ያለፈበት ፓስፖርት

ስዊድን ውስጥ ሶልና በተባለች ከተማ በሚገኝ ክሊኒክ ለምርመራ ደም የምትወስደው አዜብ፣ እኚህን ሽማግሌ የምታውቃቸው በከረባታቸው ነው። ሌላው ታካሚ ሰዓቱን እያየ ሲቁነጠነጥ፣ እሳቸው የተራ ቁጥራቸውን ይዘው እንደ ዳኛ ቀጥ ብለው ይቀመጣሉ። መታወቂያ ሲጠየቁ ደግሞ ከስዊድኑ አስቀድመው፣ በመሐረብ የተጠቀለለ አሮጌ የኤስቶኒያ ፓስፖርት ያወጣሉ። ሶቪየቶች አገራቸውን ከመዋጣቸው በፊት የተሰጠ ነው፤ ወደ ስዊድን ሸሽተው ባሕር ሲሻገሩ ውሃ ጠጥቶ ደርቋል።

«ይኼኛውማ ጊዜው አልፎበታል» ትላቸዋለች ሁልጊዜ።

«አውቃለሁ» ይላሉ፤ ቅንጣት ሳያፍሩ መልሰው ይጠቀልሉታል።

ሶቪየት ኅብረት ፈርሳ ኤስቶኒያ ነጻነቷን ባስመለሰች በዓመቱ ግን ከመሐረቡ ሁለት ፓስፖርት ወጣ። አንደኛው ገና ቀለም ቀለም ይሸታል።

«እንኳን ደስ አለዎት! ዜግነት ሰጡዎት?»

«ማን ለማን ይሰጣል? መች ተውኩትና! ፓስፖርቴን አሳደስኩ እንጂ።»

አዜብ የአሮጌውን ቀን አነበበች። «ከሃምሳ ዓመት በኋላ?»

ሽማግሌው እጅጌያቸውን ሰብስበው ክንዳቸውን ዘረጉላት።

«ሰልፉ ረጅም ነበር» አሉ።