ደም ብዛት አይደለም

የወጣሁ ለታ፣ ገና ሳይነጋ፣ ደብረ ታቦር መናኸሪያ ሻንጣዬን ይዘው እንደቆሙ አባባን ነሰራቸው። በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉትና «ደም ብዛት ነው፣ ሂጂ አንቺ» አሉኝ። ካንሰር እንዳለባቸው ባህር ዳር ሐኪሞቹ ነግረውናል፤ እኔም የምሰደደው መድኃኒታቸው እንዳይቋረጥ ነው። ነስሩን ግን ማናችንም ከካንሰሩ ጋር አላያያዝነውም። እኛ ዘንድ ደም ፈሰሰ ማለት ደም በዛ ማለት ነው፤ አለቀ።

አማን ገባሁ፤ ጆርዳን። የኤጀንሲው ሰውዬ በአካውንቲንግ መመረቄን ሲሰማ «እንዳትናገሪ፣ ዲግሪ ያላት ሠራተኛ መልስ ታበዛለች» አለኝ። አልተሳሳተም። ሥራዬ የአሠሪዬን፣ የማዳምን እናት ማስታመም ነው፤ ሐጃ ነው የምላቸው። እሳቸውም ካንሰር አለባቸው። የአገሩ ቂጣ ኹብዝ ይባላል፣ ስስ ነው፣ በልቼው ጠግቤ አላውቅም። ብርዱ የጉናን ያስታውሳል፤ ግን አብሮሽ ብርዱን የሚረግም ሰው የለም።

አንድ ጠዋት ሐጃን ሳጥባቸው ክንዳቸው በልዟል፣ እግራቸው ላይ ደግሞ ቀያይ ነጠብጣብ ወጥቷል። ማዳም አየችና «ደረብቲሃ?» አለችኝ፤ መታሻት ወይ ማለቷ ነው።

«እኔ ብመታ እንዲህ ነጥብ ነጥብ አድርጌ አልመታም» አልኳት በተሰባበረ አረብኛ።

ሐኪሙ እንዲመሰክርብኝ ከሐጃ ጋር ይዛኝ ሄደች። አረብ ስላልሆነ በእንግሊዝኛ ነበር የሚያስረዳት፤ ለአንዴ ዲግሪዬ ጠቀመኝ። ማንም አልመታቸውም አለ። ካንሰሩ ደማቸው እንዳይረጋ አድርጎታል፣ ስለዚህ ሳይመቱም ይበልዛሉ፣ ይነስራቸዋል፤ ስለት እንዳይነካቸው።

ማዳም ይቅርታ አላለችኝም፤ ሻዋርማ ገዛችልኝ። አባባ ደም የጠረጉበት ጋቢ ነው ዓይኔ ላይ የመጣብኝ።

እዚያው ሆስፒታሉ በር ላይ ደወልኩ። እማዬ አነሳች። ነስሩ ብሶባቸዋል፣ ዋግምት የሚያግም ሰው ከእብናት አስመጥተናል፣ ጀርባቸውን በምላጭ በጣ በጣ አድርጎ የበዛውን ደም በቀንድ ይመጥጥላቸዋል አለችኝ፣ ደስ ብሏት።

«እማዬ፣ ደሙ አልበዛም። አይረጋም ነው። ስልኩን ለአባባ ስጫቸው።»

«ሰው አገር ሂደሽ ሐኪም ሆንሽ?» አሉ አባባ።

«አባባ፣ እርጎ አልሆን ያለ ወተት ያውቁ የለ? ደምዎ እንደዚያ ሁኗል፤ ከተበጡ አይቆምም። የካንሰሩ ሥራ ነው። ዛሬውኑ ሐኪም ቤት ይሂዱ።»

ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ሰውየው እኮ ከእብናት ድረስ ነው የመጣ። ሥራውን ሳይሠራ ሂድ ልበለው?» አሉኝ።

«ምሳ አብሉትና ይሂድ።»

«እሺ» አሉ።

የአገሬን ሰው እሺ ታውቁታላችሁ፤ እንቢም እሺ ነው። ስልኩን ሳይዘጉት «ና በል፣ ወዲህ ቁጭ በል» ሲሉት ሰማሁ። ለምሳው ይሁን ለምላጩ እንጃ፤ ኔትወርኩ ተቋረጠ።

እየደወልኩ ነው።