አንዴ ብቻ የሚጠይቀው ኢስማኤል

ዙሪክ ውስጥ እንግዳ የመጣበት ሐበሻ መጀመሪያ የሚደውለው ለኢስማኤል ነው። ኢስማኤል የደሴ ልጅ ነው። ዙሪክ ከገባ ስምንት ዓመቱ ሲሆን፣ በሥራ ቀን ባቡር ጣቢያው አጠገብ ባለ አንድ ሆቴል ምድር ቤት ውስጥ አንሶላ ያጥባል፣ ይተኩሳል። የአንድ ቀን አንሶላው ቢዘረጋ ከሰፈሩ ከሽዋመንዲንገን ተነስቶ ኡስተር ከተማን አልፎ ይሄዳል። ቅዳሜ ሲመጣ ግን ከምድር ቤት የሚወጣው ሌላ ሰው ነው፤ ጫማውን ወልውሎ፣ የባቡር ቅናሽ ካርዱን ደረት ኪሱ ከቶ፣ እንግዳ አስከትሎ ይዞራል።

የማያውቀው መዝናኛ የለም። የትኛው መርከብ በስንት ሰዓት እንደሚነሳ ያውቃል፤ የትኛው ዳክዬ ደረቅ ዳቦ እንደሚበላና የትኛው ኬክ ካልሆነ ዞር ብሎ እንደማያይ ሳይቀር ያውቃል። የራይን ፏፏቴ ድረስ እንግዳ ይዞ ከመመላለሱ ብዛት፣ ውሃው ራሱ «ዛሬስ ማንን አመጣህ?» ይለዋል እየተባለ ይወራል። የቤቱ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች በጉብኝት ወረቀት ተለብጧል፤ ሕንጻው ቢፈርስ እንኳ የሱ ክፍል በወረቀቱ ቆሞ ይቀራል።

እንዲህ ያለ ሰው እንከን ባይኖረው መልአክ ይሆን ነበር። አንድ እንከን አለው፦ አንዴ ብቻ ነው የሚጠይቀው።

ከስዊሶች ጋር ሲኖር የነሱ ነገር ተጋባበት። ስዊሱ «ሻይ ትጠጣለህ?» ሲባል «አልጠጣም» ካለ አይጠጣም፤ አለቀ። እኛ ግን «ኧረ ይቅርብኝ» ስንል ነገሩ ገና መጀመሩ ነው። «በሞቴ» መባል አለብን፤ «አፈር ስሆን» መባል አለብን፤ ክንዳችን መጎተት አለበት። ከዚያ «እንግዲህ ካልክ» ብለን ሦስት ብርጭቆ እንጠጣለን። ኢስማኤል ይህን ረስቶታል። «ሻይ ላፍላ?» ይላል። እንግዳው «ኧረ አትቸገር» ይላል። ኢስማኤል «እሺ» ብሎ ቁጭ! ጓደኛው አብዱረህማን አንድ እሁድ እዚያ ቤት አራት ሰዓት ሙሉ ስለ መርከብ ሲሰማ ውሎ ሲወጣ፣ ትራም ውስጥ አንዲት አሮጊት ሙዝ ሲልጡ አይቶ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ከዚያ ወዲህ ኢስማኤል ዘንድ የሚሄድ ሁሉ ከራሱ ቤት በልቶ ነው የሚሄደው።

ይህ እንከኑ ትዳር ሊያሳጣው የደረሰው በፈረንጆቹ 1996፣ በሐምሌ ወር ነበር። ሳሚያ የምትባል የኮምቦልቻ ልጅ ወዷል። ሳሚያ ጄኔቫ አንድ አምባሳደር ቤት ትሠራለች። እሷም ወዳዋለች፤ ግን አባቷ የሉም፤ ያሳደጓት አጎቷ ሐጂ ዘከሪያ ካልፈቀዱ ኒካሕ የለም። ሐጂ የቆዳ ነጋዴ ናቸው። ፍራንክፈርት ያለ ልጃቸውን ሊጠይቁ መጥተው፣ ወደ አገር የሚመለሱት በጄኔቫ በኩል ነበር።

«ቅዳሜን ከልጁ ጋር እውላለሁ፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ መልሴን ትሰሚያለሽ» አሏት።

ሳሚያ ለኢስማኤል ደወለች። «እኔ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሥራ ላይ ነኝ። ብቻህን ነህ። አጎቴ ሰው የሚመዝኑት በአያያዙ ነው፤ ተጠንቀቅ!»

«ምን ያስፈራል? ጄኔቫን አብጠርጥሬ ነው የማውቃት! ሰውዬው አንዴ ሐይቁን ይዩ እንጂ፣ አንቺን ለኔ ብቻ ሳይሆን እኔንም ላንቺ ይሰጡሻል» አለ በደስታ።

ቅዳሜ በመጀመሪያው ባቡር ጄኔቫ ገባ። ሐጂ ዘከሪያ ነጭ ጀለቢያቸው ላይ ጥቁር ኮት ደርበው፣ ኮፊያቸውን ደፍተው፣ ከዘራ ይዘው ከሆቴላቸው ወጡ። በመጀመሪያ የአበባውን ሰዓት አሳያቸው። መሬት ላይ ተዘርግቶ፣ ፊቱ በሙሉ አበባ ሆኖ፣ እጆቹ በአበባው ላይ ይዞራሉ።

«አጃኢብ!» አሉ ሐጂ። «ታዲያ አበባው ሲጠወልግ ሰዓቱ ወደ ኋላ ይቀራል?»

«አይቀርም ሐጂ፤ እዚህ አገር አበባውም ሰዓት ያከብራል።»

ሳቁ። ኢስማኤል በልቡ ሠርጉን ደገሰ። ቀጥሎ የሐይቁን ዳር ይዘው ሄዱ፤ ያ ጄኔቫ የምትታወቅበት ውሃ ታየ። ከሐይቁ ተወርውሮ መቶ አርባ ሜትር ወደ ሰማይ የሚተኮሰው። ሐጂ ከዘራቸውን ጥለው ቆሙ።

«ሱብሃነላህ! ፏፏቴ ሲወርድ እንጂ ሲወጣ አይቼ አላውቅም። ምን አድርገውት ነው እንዲህ የተቆጣው?»

እስከዚህ ድረስ ሁሉም መልካም ነበር። ከዚህ በኋላ ኢስማኤል መጠየቅ ጀመረ።

«ሐጂ፣ በዚች ቢጫ ጀልባ እንሻገር?»

«ኧረ ይቅርብኝ ልጄ፣ እግር አለኝ» አሉ ሐጂ፣ አንድ እግራቸውን ወደ ጀልባዋ አስቀድመው።

«እሺ» አለ ኢስማኤል። ሐይቁን ዞረው በድልድይ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በእግራቸው ተሻገሩ። ጀልባዋ አጠገባቸው አምስት ጊዜ ስትመላለስ ሐጂ አምስት ጊዜ በዓይናቸው ሸኟት።

«አይስክሬም ይፈልጋሉ?»

«ኧረ ለኔ አትቸገር።»

ኢስማኤል አልተቸገረም። ለራሱ ብቻ ገዛ፤ ባለ ሁለት ክምር፣ እንጆሪና ፒስታቾ፤ እያወራ ፊት ለፊታቸው ላሰ። ሐጂ አንገታቸውን አዙረው ዳክዬዎቹን መቁጠር ያዙ።

ከቀትሩ የዙህር ሶላት በኋላ «ምሳ ይበላሉ? ጥሩ የሐይቅ ዓሣ የሚጠብሱ አሉ» አላቸው።

«ኧረ ብዙም አልራበኝም» አሉ ሐጂ። ከንጋቱ የፈጅር ሶላት ወዲህ የቀመሱት አንድ ቁራሽ የሆቴል ዳቦ ነው።

«በጣም ጥሩ! ጊዜ ተረፈን!» ብሎ ወደ መናፈሻው ወሰዳቸው። እዚያ ሰዎች ወገብ የሚደርስ ቼዝ እየተሸከሙ ይጫወታሉ። ሐጂ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ነጩን ፈረስ ትኩር ብለው ሲያዩ፣ ኢስማኤል ጨዋታው ማረካቸው ብሎ ፈነደቀ። ሐጂ ግን ፈረሱን ያዩት ሥጋ መስሏቸው ነበር።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሐይቁ ዳር ተመልሰው፣ ፔዳል እየረገጡ የሚነዷቸው ትናንሽ ጀልባዎች ወደሚከራዩበት መድረክ ደረሱ። የሐጂ ዓይን በራ። «ይሄስ እንደ ብስክሌት ነው?»

«ፔዳሎ ይባላል። ይወጣሉ?»

«እኔ ሽማግሌው? ኧረ ምን በወጣኝ!»

«እሺ፣ እንግዲያው ቁጭ ብለን እንይ።»

ይህኔ ሳሚያ እየሮጠች መጣች። የአጎቷን ጉልበት ሳመች። «አጎቴ፣ በሉ? ጠጡ?»

«አልሐምዱሊላህ» አሉ ሐጂ። ግን አልሐምዱሊላህ ስንት ዓይነት ነው! ይሄኛው የጠገበ ሰው ምስጋና አልነበረም። ሳሚያ ኢስማኤልን በክንዱ ይዛ ከትኬት ቤቱ ጀርባ ወሰደችው።

«ምን አበላሃቸው?»

«ምንም። አልራበኝም አሉ።»

«ስንት ጊዜ ጠየቅሃቸው?»

«አንዴ። ጆሯቸው እኮ ደህና ነው፤ ሰምተውኛል።»

«አንዴ!» ሳሚያ ራሷን ያዘች። «የወሎ ሽማግሌ፣ አማች ሊሆናቸው የመጣ ሰው ‹ይበላሉ?› ሲላቸው ‹አዎ ርቦኛል አምጣ› የሚሉ መሰለህ? ጀልባውንስ?»

«እምቢ አሉ።»

«አይስክሬሙንስ?»

የኢስማኤል ከንፈር ጥግ አረንጓዴ ነበር።

«ብቻህን በላህ? ፊታቸው? ኢስማኤል፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስንት ሰዓት ቀራት?»

ዙሪክ ከገባ ጀምሮ ተኝታ የነበረች ደሴ በአንድ ጊዜ ውስጡ ነቃች። ሮጦ ሄዶ ሐጂ እግር ሥር ተንበረከከ።

«ሐጂ፣ በሞቴ ዓሣ ይቅመሱ!»

«ኧረ ተነስ ልጄ፣ ይቅርብኝ ብዬህ የለ!»

«አፈር ስሆን!»

«ደህና ነኝ እኮ...»

«የሳሚያን ሞት ያሳየኝ!»

«እንግዲህ ይህን ያህል ካልክ» አሉ ሐጂ። ከመቀመጫቸው ከመነሳታቸው በፊት አፋቸው ተነስቶ ነበር። እዚያው ሐይቁ ዳር ዓሣ ቤት ሦስት ሳህን ዓሣ ሆዳቸው ገባ። አሳላፊዋ ሦስተኛውን ስታመጣ ሐይቁ ውስጥ የቀሩት ዓሦች ወደ ሎዛን ተሰደዱ ይባላል። ኢስማኤል አሁን ማቆም አልቻለም፤ እያጎረሰ ይለምናል፤ አይስክሬሙን እንኳ በእጁ ሊያጎርስ ሲል ሳሚያ በክርኗ ጎሸመችው። በመጨረሻ «ፔዳሎ፣ በአላህ ይሁንብዎ!» አለ። ሐጂ በሁለተኛው ልመና ከዘራቸውን ለሳሚያ ሰጥተው ዘለው ገቡ፤ ኢስማኤልም ተከትሏቸው ገባ።

ፔዳሉን አንዴ እንደረገጡ የሰባ ዓመት ሽማግሌነታቸው ወደቡ ላይ ቀረ። መንዙማ ጀመሩ፤ በዜማው ምት ይረግጣሉ፤ ጀለቢያቸው እንደ ሸራ ተነፋ። መንገደኛ የጫነውን ትልቅ መርከብ ቀደሙት፤ ካፒቴኑ ጥሩምባ ነፋ፤ ሐጂ ኮፊያቸውን አነሱለት።

«ይሄ ነገር ፍሬን አለው?»

«የለውም ሐጂ!»

«በጣም ጥሩ!»

ነፋሱ የዚያን ወደ ላይ የሚተኮስ ውሃ ጭጋግ ይዞ መጣባቸውና ሁለቱንም አጠባቸው። ሐጂ እንደ ሕፃን ጮኸው ሳቁ። ከዚያ ቀስ እያሉ ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ።

«ልጄ፣ ልንገርህ። ቀትር ላይ ልቤ አይሆንም ብሎ ነበር። ሰው ፊት ለብቻው የሚልስ፣ የኔን ልጅ ምን ሊያበላት ነው ብዬ።»

ኢስማኤል አንገቱን ደፋ። «አጥፍቻለሁ ሐጂ። እዚህ ሰው አይ ሲል አይ ነው፤ እኔም ለመድኩት። ሁለተኛ መጠየቅ ማስቸገር ይመስለኛል።»

ሐጂ መርገጥ አቆሙ። «ሳሚያስ አይ ስትልህ?»

«አይ ካለች አይ ነው። እተዋለሁ።»

አንድ ሁለት ዳክዬ መጥቶ አያቸውና ሄደ። «የሳሚያ እናት፣ ሟቿ እህቴ፣ አንድ አይ የሚሰማ ባል ብታገኝ ኖሮ...» አሉ ሐጂ፤ ዓረፍተ ነገሩን ግን አልጨረሱትም። «አዙረው። አንተ ውረድ፤ እሷን አስገባት። ለብቻዋ የምጠይቃት አለኝ።»

ኢስማኤል መድረኩ ላይ ቀረ፤ ከዘራውን አቅፎ። ፔዳሎዋ ወደ መሀል ሄደች፤ ድምፅ አይሰማም። ሐጂ ጣታቸውን ሲያነሱ ያያል፤ ሳሚያ ራሷን ስትነቀንቅ ያያል፤ ግን ወደ ላይና ወደ ታች ይሁን ወደ ጎን፣ ከዚያ ርቀት አይለይም። ማዕበሉ ደግሞ ሁሉንም ይነቀንቃል። በዚያ ሩብ ሰዓት ውስጥ ኢስማኤል ሦስት ጊዜ አግብቶ አራት ጊዜ ፈታ። የፔዳሎዎቹ አከራይ፣ ወፍራም የጄኔቫ ሰው፣ ሊያጽናናው ወንበር ቢሰጠው፣ ወንበሩ ላይ ቆመበት።

ድንገት ሐጂ መሪውን ለቀቁ። ሁለት መዳፋቸውን ወደ ሰማይ ዘረጉ። ሳሚያም ሁለት መዳፏን ዘረጋች። ፔዳሎዋ ባለቤት አጥታ እንደ እንዝርት መሾር ጀመረች፤ እነሱ ግን እጃቸውን አላወረዱም።

ዱዓ ነው! ፋቲሓ እየቀሩ ነው፤ እሷም እሺ ብላ፣ ሐጂም ኒካሑን ፈቅደው! ኢስማኤል ወንበሩ ላይ እንደቆመ እጁን ወደ ሰማይ ዘርግቶ «አሚን!» ብሎ ጮኸ።

አከራዩ አየ፦ መሀል ሐይቅ ላይ እጃቸውን ያነሱ ሁለት ሰዎች፣ የምትሾር ጀልባ፣ ወደብ ላይ እጁን አንስቶ የሚጮህ ሦስተኛ። «የድረሱልን ጥሪ ነው!» አለና የነፍስ አድን ሞተር ጀልባውን አስነሳ። ኢስማኤል ሰውየው አብሮት እንዲሄድ እስኪጠይቀው አልጠበቀም፤ ዘሎ ገባ። በሐይቁ ላይ እየበረሩ፣ ነጭ አረፋ እየረጩ፣ ወደ ሐጂ መዳፍ ሲጠጉ፣ በእያንዳንዱ ማዕበል ላይ «አሚን! አሚን!» ይላል፤ ሰውየው ደግሞ በፈረንሳይኛ «አይዟችሁ፣ መጣንላችሁ!» እያለ ያግዘዋል።